የመርካቶ እንግዳ ማን ነው?

ከደካ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ለራሱ ጉዳይ ብቻ አይሄድም። ሊሄድ መሆኑ በተሰማ ማግስት ጎረቤት ሁሉ በሩን ያንኳኳል። አንዷ የመጋረጃ ጨርቅ ናሙና በመሃረብ ቋጥራ ታመጣለች። አንዱ ያረጀ የወፍጮ ብሎን በጋዜጣ ጠቅልሎ «ልክ ይህንን የመሰለ» ይላል። ሌላዋ ለሰርግ የሚሆን ነጠላ ታዝዝና «ጥለቱ አረንጓዴ እንዳይሆን» ብላ ታስጠነቅቃለች። ባለፈው የሄድኩ ጊዜ ደግሞ የጎረቤታችን እናት አንድ ቁራጭ ሲባጎ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። የልጅ ልጃቸውን እግር ከተረከዙ እስከ አውራ ጣቱ ለክተው የቆረጡት ነው። «ቁጥሩን እኔ አላውቀውም፤ መርካቶ ያውቁታል» አሉኝ።

ወደ ሲባጎው በኋላ እመለሳለሁ። አሁን ስለ ሌላ ነገር ላውራ፤ «እንግዳ» ስለምንለው ሰው።

ስለ አዲስ አበባ ገበያዎች ጉብኝት ሲወራ ብዙዎቻችን ዓይን ላይ ድቅን የሚለው ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ነው። የጉዞ መጻሕፍት መርካቶን «በአፍሪካ ትልቁ ክፍት ገበያ» እያሉ የሚያስተዋውቁት ለእሱ ነው። መንገድ ሲጸዳ፣ ሸራ ሲነሳ፣ ጉሊት ሲበተን «ከተማችን ለእንግዳ እንድትመች» የሚባለውም እሱን በማሰብ ነው። ፈረንጁ ላይ ቂም የለኝም። ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ቅመም ገዝቶ ቢሄድ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል። ግን ቁጥሩን ተዉትና ልማዱን ብቻ እዩ፦ ፈረንጁ አንድ ጠዋት ዞሮ፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ከቦንጋ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከደሴ፣ ከነቀምት የሚመጣው ሰው ግን የሰፈሩን ትእዛዝ በኪሱ ይዞ፣ ሁለት ቀን በእግሩ ተንከራቶ፣ ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ ተሸክሞ ይመለሳል። የዚህ ገበያ ዋና እንግዳ እሱ ነው። ከተማዋ ስለ ገበያዎቿና ስለ ጎዳናዎቿ ስትወስን ግን እሱን የሚያስታውሰው የለም።

*

ለመርካቶ እንግዳ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው። ገንዘብህን ሦስት ቦታ ክፈለው። ሞባይልህን የኋላ ኪስህ ውስጥ አታድርግ። ለጠራህ ሁሉ አትዙር። ዋጋ ሲነግሩህ ግማሹን በል። ምክሩ ውሸት ነው አልልም፤ ኪስ አውላቂም አለ፣ የአገር ቤት ሰው መሆንህን ከጫማህ አቧራ የሚያነብ ደላላም አለ። የምክሩ ጉድለት ሌላ ነው። ስለ አደጋው ይነግርህና ገበያው እንዴት እንደሚነበብ ሳይነግርህ ይተውሃል። መርካቶ ደግሞ ይነበባል።

ቁልፉ «ተራ» የምትለው ቃል ናት። ሸማ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ዱባይ ተራ፣ ሚሊቴሪ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ... አንዳንዱ ስም ዛሬ ከሚሸጠው ዕቃ ጋር አይገናኝም። ቢሆንም አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ልማድ እንዳለ ነው። ለከተማው ሰው ይህ ግርግር ሊመስለው ይችላል። ለእኔ ግን መከላከያዬ ነው።

እንዴት? እኔ የአንድ ሜትር መጋረጃ ጨርቅ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ አላውቅም። ሻጩ ያውቃል። ብቻውን ያለ ሱቅ ቢሆን ኖሮ የፈለገውን ይጠራልኝ ነበር፤ እኔም ወይ እከፍላለሁ ወይ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። እዚህ ግን ያንኑ ጨርቅ የሚሸጡ አሥር ሰዎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ጋ ጠይቄ አልፋለሁ። ሁለተኛው ጋ ጠይቄ አልፋለሁ። አራተኛው ጋ ስደርስ የመጀመሪያው ስንት እንደጨመረብኝ ገብቶኛል። አምስተኛው ጋ እንደ አዋቂ እከራከራለሁ፤ «የመጨረሻውን ንገረኝ» እላለሁ፤ እሱም «አያዋጣኝም» ይላል፤ ሁለት እርምጃ ስሄድ «ና እሺ፣ ገበያ ክፈትልኝ» ይለኛል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ምንም ከማያውቅ ሰው ዋጋ ወደሚያውቅ ሰው እቀየራለሁ። ዋጋው በወረቀት የተለጠፈበት ትልቅ ሱቅ ውስጥ ይህ ዕድል የለኝም። ዋጋው ተጽፏል፤ ልክ መሆን አለመሆኑን የምጠይቀው ጎረቤት ሱቅ ግን አጠገቡ የለም።

የወፍጮውን ብሎን ያገኘሁት ምን አለሽ ተራ ነው። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያሉ የሚዞሩት ልጆች የሰበሰቡት አሮጌ ብረት፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ የሚራገፍበት ነው። ከከባድ መኪና ጎማ በረባሶ ይቆረጣል፤ ከበርሜል ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ይቀጠቀጣል። አንድ ጎልማሳ ብሎኑን ተቀበለኝ፤ በጣቱ ጥርሱን ዳሰሰና «ይሄ የድሮ ነው፣ ጥርሱ ዛሬ ከሚመጣው ይለያል» ብሎ ሁለት ጣሳ ሙሉ ብሎን መሬት ላይ ዘረገፈ። ሩብ ሰዓት ያህል ፈልጎ አገኘው። የጠየቀኝ ዋጋ አንድ ስኒ ማኪያቶ ከሚጠጣበት ብዙም አይበልጥም። ወፍጮው ደካ ውስጥ ዛሬ እየፈጨ ነው። ይህን አገልግሎት የሚተካ ባለ መስታወት ሕንጻ እስካሁን አላየሁም።

*

ቅመም የሚሸጥበት ጋ ስደርስ ደግሞ የማውቀው ሽታ ተቀበለኝ። ኮረሪማ። ደረቁ ፍሬ እንደ ሙቁጥር በክር ተሰክቶ ተንጠልጥሏል፤ አጠገቡ ጥምዝ በጆንያ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ሁለቱም እኛ ጋ ጫካ ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅሉ ናቸው። ኮረሪማ ያለ ጥላ አይወድም፤ ዛፉ ከተቆረጠ እሱም የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የከፋ ደን ከቆመባቸው ምክንያቶች አንዱ ገበሬው ከጫካው ቡናና ማር፣ ኮረሪማና ጥምዝ ማግኘቱ ነው። ማለትም ያ ጆንያ እዚህ መሸጡና አለመሸጡ እዚያ ላለው ዛፍ ጉዳይ ነው።

ሻጯን «ይሄ ከየት ነው የመጣው?» አልኳት።

«ከጅማ ነው፣ አንደኛ ነው።»

«አንተስ ከየት ነህ?» አለችኝ ቀጥላ። ደካ ብላት እንደማታውቀው ገብቶኝ «ከቦንጋ» አልኳት።

«እ... ጅማ ጋ?»

ሳቅኩ። አልፈረድኩባትም። ከፋ ክፍለ ሀገር በነበረበት ዘመን ዋና ከተማው ጅማ ነበር፤ ከእኛ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በጅማ በኩል ስለሚያልፍ የጅማን ስም ይዞ አዲስ አበባ ይገባል። ዛሬም መንገዱ በጅማ ነው። ጅማ ስሙ ቢጠራ ደስ ይለኛል፤ ጎረቤታችን ነው። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ያቺ ሴት የኮረሪማውን ጥራት አሽትታ ትለያለች፤ የዘንድሮና የአምናውን በጥርሷ ሰንጥቃ ትነግርሃለች። ስለ ዕቃው ሁሉን ታውቃለች፤ ያመረተው ሰው ፊቷ ቆሞ ግን እንግዳ ነው። መርካቶ የመጣሁት ልገዛ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተሰማኝ። ይህ ገበያ ከእኛ ጫካ የሚበላ ገበያ ነው። እኛም ከእሱ እንለብሳለን። «እንግዳ» የሚለው ቃል ራሱ ለዚህ ዓይነት ዝምድና ይጠባል።

ድሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። በከፋ መንግሥት ዘመን የሩቅ አገር ነጋዴ ቦንጋ ድረስ ይመጣ ነበር። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 እዚያ ሲደርስ የተከተለው የነጋዴዎችን መንገድ ነው። ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ኮረሪማ ይወጣ ነበር፤ አሞሌ ጨው ይገባ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህንን መሸፈን አያስፈልግም። ለማለት የፈለግኩት ገበያ የሚመጣ እንግዳ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ አይመጣም ነው።

*

አሁን ትንሽ ታሪክ ታገሡኝ፤ ለነገሩ ያስፈልጋል።

የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ መጀመሪያ የነበረው አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነው። በ1928 ዓ.ም. የገባው ጣልያን ግን ከተማዋን በዘር ለመክፈል አቀደ። አራዳ ለነጮች ፒያሳ ሆነ፤ ገበያው ደግሞ ወደ ምዕራብ ተገፋና «የአገሬው ተወላጅ ገበያ» ተባለ። «መርካቶ» የሚለው ስም ከዚያ የቀረ ነው፤ በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር መርካቶ የተወለደው «ያማረው የከተማ ክፍል ውስጥ አትታዩ» ከሚል ሐሳብ ነው። ጣልያን በአምስት ዓመቱ ሄደ። የተገፉት ሰዎች ግን የተገፉበትን ቦታ የአገሪቱ ሁሉ ገበያ አደረጉት። ከዚያው ጎን ያለው አውቶቡስ ተራ ደግሞ ለብዙ ዘመን ለክፍለ ሀገር ሰው የከተማዋ መግቢያ በር ሆኖ ኖረ።

ይህንን የማነሳው ዛሬን ከጣልያን ጋር ለማመሳሰል አይደለም፤ ያ የዘር አገዛዝ ነበር፤ ሚዛኑ አይገናኝም። የማነሳው ገበያን ከዓይን ማራቅ ከተማን ማሳመር ነው የሚለው ሐሳብ አዲስ እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የፒያሳ ብዙ ክፍል ሲፈርስ፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና የብስክሌት መስመር መጣ። በእግሬ የምሄድ ሰው ነኝና የእግረኛውን መንገድ ወድጄዋለሁ። ግን በዚያ ጥሩ መንገድ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ስሄድ ቆሎ የምትሸጥ አንዲት እናት አላየሁም። መንገዱ ለመሄድ ብቻ ሆነ። እኔ ደግሞ እግሬን የማነሳው ለመሄድ ብቻ አይደለም፤ ዕቃ ፍለጋ ነው።

*

ወደ ሲባጎው ልመለስ።

የልጅ ጫማ ሱቅ ውስጥ ጠይቄ ዋጋው ከታዘዝኩበት ብር በላይ ሆነብኝ። ከመርካቶ ወጣ ብሎ አንድ መንገድ ዳር ሸራ አንጥፈው «ሁሉም በ500! ሁሉም በ500!» የሚሉ ልጆች ነበሩ። ወደ አንዱ ሄድኩና እያፈርኩ ሲባጎውን አወጣሁ። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ሲባጎውን ተቀብሎ ጫማው ውስጥ ዘረጋው፤ ጫፉን በጣቱ ያዘና «ዕድሜው ስንት ነው?» አለኝ።

«ሰባት።»

«አንድ ቁጥር ጨምርበት ወንድሜ። ልኩን ከወሰድክ ለፋሲካ ይጠበዋል። እኔም ለእህቴ ልጅ ስልክ እንዲህ ነው የማደርገው።» እሱም የወላይታ ልጅ ነው። ለካ ሁለታችንም እንግዶች ነን።

600 ብር ሰጠሁት። ግራውን ጫማ አቀብሎኝ ቀኙንና መልሴን ሊሰጠኝ ሲል ከመንገዱ ማዶ ፉጨት ተሰማ፤ «ደንብ!» አለ አንዱ። በዓይን ጥቅሻ የሸራው አራት ጫፍ ተያዘ፤ ሸራው ጆንያ ሆነ፤ ልጁ ጠፋ። መንገዱ ጭር አለ። እኔ የአንድ እግር ጫማና አንድ ቁራጭ ሲባጎ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ያን ጊዜ የተሰጠኝ ምክር ሁሉ ትዝ አለኝ። ጥግ ላይ የቆሎ ሰፌዷን በነጠላዋ የሸፈነች ሴት «ጠብቅ፣ ይመጣል» አለችኝ። አላመንኳትም፤ ግን የአንድ እግር ጫማ ይዞ የት ይኬዳል? ሃያ ደቂቃ ያህል ሆነ። ልጁ ሸራውን የሆነ ቦታ ደብቆ፣ በሌላ ቅያስ ዞሮ፣ እያለከለከ መጣ። ቀኙን ጫማ ከጃኬቱ ሥር አወጣ። 100 ብሬን ቆጥሮ ሰጠኝ። «የት ሄደህ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር» አለኝ። እኔ እሱን ስጠረጥር እሱ ለእኔ እየፈራ ነበር።

ከዚህ ተነስቼ የጎዳና ነጋዴ ሁሉ መልአክ ነው ልላችሁ አልፈልግም። ልላችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ የተጎዳነው ሁለት ሰዎች ነን። ስለ እሱ አልፎ አልፎ ይወራል፤ «ሕገ ወጥ ነጋዴ» ወይም «ምስኪን ወጣት» እየተባለ። ስለ እኔ፣ ማለትም ስለ ገዢው፣ ስለ ክፍለ ሀገሩ እንግዳ ግን የሚወራ የለም። ሱቅ የማይገባውን ብሬን ይዤ የምሄድበት ቦታ ከሌለ ያ ልጅ ጫማ አያገኝም። ነገሩ ይኸው ነው።

*

የሌላውን ወገን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ቀላልም አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ አካባቢ የተነሳው እሳት የብዙ ሰው ንብረት በላ። መተላለፊያው የተጨናነቀ በመሆኑ ማጥፋቱ አስቸጋሪ እንደነበር በወቅቱ ተነግሯል። እሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ገበያ ለማንም አይበጅም። ኪራይና ግብር የሚከፍል ባለ ሱቅ በሩ ላይ ሸራ ሲነጠፍበት ቢቆጣ እውነት አለው። እግረኛ አስፋልት ላይ ወርዶ መኪና ጋር ሲጋፋም አይቻለሁ።

ነገር ግን ሥርዓት ማስያዝና ማባረር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ማባረር መንገዱን ለሃያ ደቂቃ ያጸዳል፤ በሃያ አንደኛው ደቂቃ ሸራው ይመለሳል። ሥርዓት ማስያዝ ግን መስመር ማስመር ነው፦ ይህ የእሳት አደጋ መኪና መንገድ ነው፣ ማንም አይነጠፍበትም፤ ይህ ደግሞ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት የሸራ ቦታ ነው፤ ለቦታው ይህን ያህል ትከፍላለህ፤ ስትነሳ ትጠርጋለህ። ከተማዋ ይህንን ማድረግ እንደምትችል ራሷ አሳይታለች። የእሁድ ገበያ ብላ በየአካባቢው ቦታ ለይታ ሽንኩርትና ጤፍ፣ እንቁላልና ዘይት ሲሸጥ ትርምስ አልተፈጠረም። ለሽንኩርት የተቻለ ለልጅ ጫማ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሌላ አገርም ሞክረውታል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2014 ለጎዳና ነጋዴዎች ሕግ አወጣች። በሕጉ መሠረት በየከተማው የሚቋቋመው የጎዳና ንግድ ኮሚቴ ውስጥ ከአባላቱ ቢያንስ 40 በመቶ የሚሆኑት ራሳቸው የጎዳና ነጋዴዎች መሆን አለባቸው። የትኛው መንገድ በየትኛው ሰዓት ለሸራ እንደሚበቃ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። እኔ ብጠየቅ አንድ ወንበር እጨምራለሁ፤ ለገዢው። ከአውቶቡስ የወረደ፣ ማዳበሪያ የያዘ፣ ዝርዝር በኪሱ የከተተ አንድ ሰው እዚያ ተቀምጦ «እኔስ ከየት ልግዛ?» ይበል።

ይህ የአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔ የደካው ሰው ምን አገባኝ? ግን ቦንጋም እያደገች ነው። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ሆናለች፤ ቢሮው በዝቷል፣ አስፋልቱ ይሠራል። ከገጠር ኮረሪማና ማር በጀርባቸው ይዘው የሚመጡ እናቶች የእኛ ከተማ እንግዶች ናቸው። እኛ ለአዲስ አበባ እንደሆንነው ሁሉ እነሱ ለእኛ ናቸው። ነገ «ለእንግዳ እንድትመች» እያልን መንገድ ስናሰፋ እነዚያን እናቶች የት እንደምናስቀምጣቸው ከዛሬው ካላሰብን፣ አዲስ አበባን የመውቀስ መብት አይኖረንም።

ጫማውን ለጎረቤታችን እናት አደረስኩ። ልጁ አጠለቀው፤ ትንሽ ሰፋው። «ምን ሆነህ ነው ያሰፋኸው?» አሉኝ። ጫማ ሻጩ ስለ ፋሲካ ያለውን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አላልኩህም? ያውቁታል።» ቀጥለውም «ሲባጎዬስ?» አሉኝ። ከኪሴ አውጥቼ መለስኩላቸው።